አውሬዎችን ያናገሩት ፊታውራሪ፦ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም

ከመልካ ጀብዱ ተነሥቶ ወደ መሐል ሀገር ለሚጓዝ ሰው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከጅቡቲ መጥቶ በድሬዳዋ በኩል ቆላውን እያቋረጠ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው ሐዲድ ነው። ሁለተኛው ደንገጎን ወጥቶ፣ ቁልቢንና ጨለንቆን አልፎ፣ በሂርና በኩል ወደ ጭሮ የሚያመራው የደጋው መንገድ ነው። በእነዚህ ሁለት መንገዶች አካባቢ ረጅም ዕድሜያቸውን ያሳለፉ አንድ ሰው ነበሩ። ወታደር፣ ገዥ፣ ሚኒስትር፣ ዲፕሎማትና ገበሬ ሆነዋል። በኢትዮጵያ የኪነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ስማቸው የሚነሣው ግን ከሁሉ አስቀድሞ መኳንንቱን በመኳንንቱ ፊት ያሳቀና ያስቆጣ ቴአትር በመጻፋቸው ነው። እኒህ ሰው ፊታውራሪ፣ በኋላም በጅሮንድ ተብለው የተጠሩት ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ናቸው።

ከሲያደብር እስከ ዐድዋ

ተክለሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ሲያደብር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ከትውልድ ቀያቸው ወጥተው ወደ ሐረር መጡ። በዚያን ጊዜ ሐረርን የሚያስተዳድሩት ራስ መኰንን ነበሩ። ሐረር ከዓረቡ፣ ከሕንዱና ከአውሮፓው ነጋዴ ጋር የምትገናኝ የምሥራቅ በር ስለነበረች፣ በራስ መኰንን ቤት ያደገ ብላቴና የውጭውን ዓለም ወሬ በየዕለቱ መስማቱ አይቀርም ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዐድዋ ድል ስታደርግ ተክለሐዋርያት ከዐሥራ ሁለት ዓመት ያልበለጠ ልጅ ነበሩ። ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋር ዘምተው ጦርነቱን በልጅ ዐይናቸው አይተዋል። በስተእርጅና በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ የዐድዋው ዘመቻ ሰፊ ስፍራ የያዘውም ያዩትን ስላልረሱ ነው።

ከድሉ በኋላ ሩሲያ ከኢትዮጵያ ጋር ያላት ወዳጅነት ጠበቀ። ሌዎንቲየቭ የተባለው ሩሲያዊ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ተክለሐዋርያትን ይዟቸው ሄደ። ይህ ጉዞ በሚደረግበት ጊዜ ዛሬ ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ ገና አልተቆረቆረችም። መንገደኛው ከሐረር ወደ ባሕር የሚወርደው በግመልና በበቅሎ ነበር። ሐዲዱ እዚህ ደርሶ ድሬዳዋን የወለዳት በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ልጁ በቅፍለት ወጥተው ሙሉ ሰው ሆነው ሲመለሱ የጠበቃቸው የባቡር ፉጨት ነበር።

በበረዶው ሀገር

ተክለሐዋርያት ከዐሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ በሩሲያ ኖረዋል። በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ለሩሲያውያን ባላባቶች ቀርበው አድገው፣ በሚካኤሎቭ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ሠልጥነው መኰንን ሆኑ። በዚያ ዘመን ከእርሳቸው በቀር እንዲህ ያለውን ትምህርት ያገኙ ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከመድፉ ትምህርት በላይ የቀረጻቸው ግን ያዩት ዘመን ሳይሆን አልቀረም። ታላቋ ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 ከጃፓን ጋር ተዋግታ ስትሸነፍ እርሳቸው እዚያው ነበሩ። አንድ የእስያ ሀገር የራሱን ባህልና ዘውድ ሳይጥል የአውሮፓን ዕውቀት ወስዶ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ኃያል መሆኑን ተመለከቱ። በዚያው ዓመት የሩሲያ ሕዝብ በንጉሡ ላይ ሲነሣም አዩ። ሕዝቡን የማይሰማ መንግሥት ምን እንደሚገጥመው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመንገድ ላይ ተማሩ።

በሩሲያ የትምህርት ዓለም ውስጥ የእንስሳት ተረት ክቡር ስፍራ ነበረው። ክሪሎቭ የተባለው ደራሲ ድብን፣ ቀበሮንና ዝንጀሮን እያናገረ ሹማምንቱን ይሸነቁጥ ነበር፤ ሕፃናትም ተረቶቹን በቃል ያጠኗቸዋል። ክሪሎቭ መንገዱን ከተማረባቸው መካከል ደግሞ ፈረንሳዊው ላፎንቴን ይገኝበታል። ላፎንቴን በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1668 ጀምሮ ያሳተማቸው ተረቶች ቤተ መንግሥቱን በቀጥታ ሳይጠሩ የሚገሥጹ ናቸው። ተክለሐዋርያት ሩሲያኛም ፈረንሳይኛም ስለሚያነቡ ሁለቱም ምንጮች ክፍት ነበሩላቸው።

ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ ያሳደጓቸው ራስ መኰንን በሕይወት አልጠበቋቸውም፤ ራስ መኰንን መጋቢት 1898 ዓ.ም. በቁልቢ አርፈው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በሕመም ላይ ነበሩ። ተክለሐዋርያት ጥቂት ቆይተው እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻገሩ፤ በዚህ ጊዜ የተማሩት ግን መድፍ ሳይሆን እርሻ ነበር። የመድፈኛ መኰንን የነበረ ሰው ፊቱን ወደ ማረሻ ማዞሩ ለብዙዎች ግራ ቢሆንም፣ ለእርሳቸው የኢትዮጵያ ኃይል ያለው በመሬቷና በገበሬዋ ነበር። ይህ እምነት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም።

የአውሬዎች ኮሜዲያ

ከአውሮፓ ሲመለሱ በልጅ ኢያሱ ዘመን በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሥራ ተሳትፈዋል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ደግሞ ተክለሐዋርያት ከለውጡ ወገን ነበሩ። ንግሥት ዘውዲቱ ዙፋኑን፣ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽነቱን ያዙ። አዲስ ሥርዓት ይመጣል ብለው የጠበቁ የተማሩ ወጣቶች ግን ብዙ ሳይቆዩ ቅር ተሰኙ። ጉቦው፣ ምልጃው፣ የዳኝነቱ መጓተትና የሹማምንቱ ስንፍና እንደነበረ ቀጠለ።

በዚያን ጊዜ ይህን በግልጽ መጻፍ የሚያስችል ጋዜጣም ሆነ ሸንጎ አልነበረም። ተክለሐዋርያት አንድ ቀን በአዲስ አበባ ቴአትር ይታያል ተብለው ተጋብዘው ሄዱ። ያዩት ግን ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ነበር፤ ታሪክ የለውም፣ ንግግር የለውም፣ ተመልካቹም የሚያስብበት ነገር ይዞ አይወጣም። በሩሲያና በፈረንሳይ ያዩትን የመድረክ ጥበብ ስላስታወሱ ቴአትር ማለት ምን እንደሆነ ለማሳየት ብዕራቸውን አነሡ። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተሰኘው ሥራቸው እንዲህ ተወለደ። በአማርኛ ተጽፎ በመድረክ የታየ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተደርጎ የሚቆጠረው ይኸው ነው።

ስሙ ራሱ የዘመኑን ሁኔታ ይናገራል። ፋቡላም ኮሜዲያም የባዕድ ቃላት ናቸው፤ ለዚህ ዐይነቱ ጥበብ አማርኛው ገና የራሱን ስም አላወጣለትም ነበር። ይዘቱ ግን ለማንም ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። ጦጣ ብልጥ፣ ጅብ ሆዳም፣ አህያ የዋህ፣ አንበሳ ንጉሥ መሆኑን የምሽት እሳት ዳር ተቀምጦ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ተክለሐዋርያት የላፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው አውሬዎቹን አማርኛ አናገሯቸው። የተመልካቹ ሥራ ከአውሬው ቆዳ ሥር ያለውን ሰው ማወቅ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለው ተረት እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ከላፎንቴን ተረቶች አንዱን ማየት ይበቃል። በአውሬዎች ሀገር ቸነፈር ይገባል። አንበሳው ሸንጎ ጠርቶ ከሁሉ የከፋ ኃጢአት የሠራው ይሠዋ ይላል። ራሱ ብዙ በጎችን፣ አንዳንዴም እረኛውን ጭምር መብላቱን ይናዘዛል፤ ቀበሮዋ ተነሥታ በንጉሥ መበላት ለበጎቹ ክብር ነው ብላ ትከራከርለታለች። ሌሎቹ ባለ ጥርስ አውሬዎችም በየተራ ነፃ ይወጣሉ። በመጨረሻ አህያ ተርባ ሳለች ከገዳም መስክ ጥቂት ሣር መንጨቷን ስትናገር ሁሉም በአንድ ድምፅ ይፈርዱባታል። በኢትዮጵያም አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው ኃጢአታቸውን ሲናዘዙ አህያዋ የምትበላበት ተረት አለ። ገበሬ ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ የሚስቀው ግን አህያዋ ማን እንደሆነች ስለሚያውቅ ነው።

ፋቡላ በአዲስ አበባ ተራስ ሆቴል በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ፊት ታየ። ተመልካቾቹ መጀመሪያ ሳቁ። ቆየት ብሎ ግን የሳቁበት ነገር ስለ ራሳቸው የተባለ መሆኑን የተረዱ ነበሩ። ተውኔቱ የመንግሥቱን ብልሹ አሠራር ይነቅፋል፣ ሹማምንቱን በአውሬ ይመስላል የሚለው ክስ ንግሥት ዘውዲቱ ዘንድ ደረሰ። ሥራው ታገደ። እገዳው አንድ ተውኔት ላይ ብቻ አልቆመም፤ በአዲስ አበባ ቴአትር ማሳየት ራሱ ለዓመታት ተቋረጠ። መድረኩ እንደገና የተከፈተው በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ነው።

የዚህን ኪሳራ መጠን ለመገመት ከእገዳው በኋላ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። መድረኩ በተፈቀደ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ያሉ ጸሐፍት ብዙ ተውኔቶችን አቀረቡ፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ፈቃድ ሲገኝ ጥበቡ እንዲህ ከፈላ፣ በዝምታው ዓመታት ስንት ብዕር ደርቆ እንደቀረ መገመት አይከብድም። ከዚህም በላይ አዲሶቹ ተውኔቶች ሀገርን ማወደስ፣ ምግባርን ማስተማርና ንጉሥን ማክበር ላይ ያዘነበሉ ነበሩ። ሹማምንቱን ለማሳቂያነት ማቅረብ ምን እንደሚያመጣ በፋቡላ ታይቶ ነበርና። ሳቅና ትችት በአንድነት ወደ አማርኛ መድረክ በሙሉ ልብ የተመለሱት ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ በልጅነታቸው ሐረር የተማሩት መንግሥቱ ለማ ጠልፎ በኪሴንና ያላቻ ጋብቻን ይዘው ሲመጡ ነው።

ጅግጅጋና ጨርጨር

ተክለሐዋርያት በቃል የነቀፉትን በሥራ ለማረም ዕድል ያገኙት በምሥራቁ ክፍል ነው። ጅግጅጋን አስተዳድረዋል፤ የከተማዋም መንገዶች ቀጥ ያለ መስመር ይዘው እንዲቀየሱ አድርገዋል። በ1910ሮቹ አጋማሽ ደግሞ የጨርጨር ገዥ ሆኑ። ራስ ተፈሪ ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች ምሳሌ የሚሆን አውራጃ እንዲሆን ፈልገው ነበር። ተክለሐዋርያትም አስተዳደሩ፣ ግብሩና ዳኝነቱ በግልጽ ደንብ እንዲመሩ ለማድረግ ደከሙ። ገበሬው የሚከፍለውን አስቀድሞ ይወቅ፣ ሹሙም የሚወስደው ልክ ይኑረው የሚለው ሐሳብ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ሹም ማለት ከሕዝቡ ላይ የሚበላ ማለት ሆኖ በኖረበት ሀገር፣ ይህ የብዙዎችን ጥቅም የሚነካ ነበር።

ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን ያቋቋሙትም እርሳቸው ናቸው። የከተማዋ የቀድሞ ስም የራስ ተፈሪን ሐሳብ የሚያወድስ ቢሆንም፣ ቦታውን መርጠው፣ መንገዱን ቀይሰው ሥራውን የመሩት ተክለሐዋርያት ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ከጫኑ በኋላ ተክለሐዋርያት በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ከሁሉ የከበደው ኃላፊነት ግን የሀገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ማርቀቅ ነበር። መነሻ ያደረጉት በወጣትነታቸው ኃይሏን ያዩላትን የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነው። የጃፓኑ 76 አንቀጾች ሲኖሩት የኢትዮጵያው በ55 አንቀጾች ተጠቃልሎ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈረመ። ለተሰበሰቡት መሳፍንትና መኳንንት ትርጉሙን ያብራሩትም እርሳቸው ነበሩ። ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት አውሬ አድርጎ አቀረበን ብለው የተቆጡት ወገኖች፣ አሁን ከዚያው ሰው አንደበት ስለ ሕግ ሲሰሙ ዋሉ። ሕገ መንግሥቱ ሥልጣኑን አጠቃሎ ለንጉሠ ነገሥቱ የሰጠ፣ ለሕዝቡም የመምረጥ መብት ያልሰጠ ነበር። ሆኖም ሀገር በተጻፈ ሕግ ትተዳደር የሚለው ሐሳብ ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ኋላ አልተመለሰም።

ጄኔቭ፣ ስደትና ማዳጋስካር

ቀጥሎ ተክለሐዋርያት በፓሪስ የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር የሀገራቸው ወኪል ሆኑ። በ1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ወልወል ላይ የተነሣው ግጭት ለኢጣልያ ሰበብ በሆነ ጊዜ፣ የኢትዮጵያን አቤቱታ ይዘው በዓለም መንግሥታት ፊት የቆሙት እርሳቸው ነበሩ። ጅግጅጋን ያስተዳደሩ ሰው በመሆናቸው የምሥራቁን ቆላ ያውቁት ነበር። በካርታ ላይ ጣቱን እያሳየ የሚከራከር ዲፕሎማት ሳይሆን አገሩን ረግጦ የሚያውቅ ሰው ነበር የሚናገረው።

የጄኔቩ ሸንጎ ግን ከአውሬዎቹ ሸንጎ ብዙም የተለየ አልሆነም። ኃያላኑ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ዝም አሉ፤ ተበዳዩ እንደ በዳይ ተመረመረ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ተክለሐዋርያት ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጥተው በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ አለፉ። ተክለሐዋርያት ይህን መውጣት ካልተቀበሉት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ ንጉሥ ከሕዝቡ ጋር ሆኖ በሀገሩ ውስጥ መታገል አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ይህን አቋማቸውን በልባቸው አልደበቁትም።

ዋጋውም ከባድ ሆነ። ከጅቡቲ የጀመረው ስደታቸው እስከ ማዳጋስካር ደሴት አደረሳቸው። ሀገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ብዙ ስደተኞች ሲመለሱ እርሳቸው አልተመለሱም። ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በ1940ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ነው። ወደ ሃያ ዓመት የተጠጋ ጊዜ ከሀገራቸው ርቀው፣ በስተመጨረሻ ሲመለሱ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። የፋቡላ ደራሲ እውነትን በአውሬ አፍ ሲናገሩ የተቀጡት ሥራቸው በመታገዱ ብቻ ነው፤ በራሳቸው አፍ ሲናገሩ ግን የጎልማሳነት ዘመናቸውን ከፈሉ።

ሂርና

ከስደት የተመለሱ አዛውንት ሹመት ፍለጋ ደጅ ሲጠኑ አልታዩም። ወደሚያውቋት ጨርጨር ተመልሰው በሂርና ገበሬ ሆኑ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት በአውሮፓ የተማሩትን እርሻ በሐረርጌ ደጋ ላይ አዋሉት። ከሂርና ሆነው የሀገሪቱን መለወጥ እየተመለከቱ፣ ካዩት የሚያስታውሱትን በወረቀት ማስፈር ቀጠሉ።

ብዕራቸው በቤታቸውም ወራሽ አላጣም። ልጃቸው ግርማቸው ተክለሐዋርያት ዲፕሎማትና ሚኒስትር ከመሆናቸውም ሌላ ቴዎድሮስ የተባለውን ተውኔትና አርአያ የተሰኘውን ልብ ወለድ ጽፈዋል። አርአያ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ የእርሻ ትምህርት ቀስሞ ሀገሩን ለማገልገል የተመለሰ ወጣት ታሪክ ነው። ያንን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ከገጸ ባሕርዩ ጀርባ የአባትየውን ጥላ ሳያይ አያልፍም።

ተክለሐዋርያት ዘውዱ ሲወድቅም፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅም በሕይወት ነበሩ። በዐድዋ የምኒልክን ሠራዊት ያየ ዐይን የአብዮቱንም ሰልፍ አይቷል። ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው ነው። የሕይወቴ ታሪክ የተሰኘው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለአንባቢ የደረሰው ግን ካረፉ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ነበር። እንደ ፋቡላ ሁሉ ይህም ሥራቸው አንባቢውን ለማግኘት ብዙ መጠበቅ ነበረበት።

የዛሬው መንገደኛ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ሂርናን አልፎ ጭሮ ሲደርስ፣ ያሳረሱትን መሬትና የቀየሱትን ከተማ ያቋርጣል። በአማርኛ መድረክ ላይ ቀልድ ሰምቶ የሚስቅ ተመልካችም ሳያውቀው እርሳቸው በከፈቱት በር ይገባል። የተራስ ሆቴሉ መድረክ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ቆመ፤ የአህያዋ ተረት ግን በሐረርጌ ደጋም ሆነ በድሬዳዋ ቆላ፣ ምሽት ላይ ልጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ እስከ ዛሬ ይነገራል።